በሊማሊሞ ያለፈው ጨው፣ በወገራ የቀረው ገብስ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በፌብሩዋሪ 1770 ከትግራይ ወደ ጎንደር ሲሻገር ሊማሊሞን ወጥቶ የወገራን ደጋ አቋርጧል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ደባርቅና ዳባት የሚገኙበት ይህ መስመር ያን ጊዜ ከምጽዋና ከአድዋ ተነሥቶ ተከዜን ለሚሻገረው ቅፍለት ዋና መንገድ ነበር። ብሩስ በአቀበቱ ላይ ቀረጥ የሚሰበሰብበት ኬላ እንደነበረ ጽፏል፤ ወገራንም የእህል አገር አድርጎ መዝግቧታል። በዚያ ኬላ ለዘመናት ካለፉት ጭነቶች አንዱ አሞሌ ጨው ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው ሰብል ደግሞ ገብስ ነው።

አሞሌው ከገብሱ ቀድሞ ጽሑፍ ውስጥ ገብቷል። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በ1540 በታተመው መጽሐፉ፣ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ እንደሚሠራበትና ከሚቆረጥበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየናረ እንደሚሄድ አስፍሯል። የሚቆረጠው ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው የአፋር ሜዳ ነው። ጨው ለማምጣት አርሆ የሚወርዱት ሰዎች በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ጭነው ወደ ትግራይ ደጋ ያወጡታል፤ ከዚያ ሲራራ ነጋዴው ተረክቦ ከፊሉን ወደ ደቡብ ይነዳዋል፣ ከፊሉን ተከዜን አሻግሮ በሊማሊሞ በኩል ጎንደር ያደርሰዋል። ዳባት ገበያ የደረሰ አሞሌ እንግዲህ በምድር ላይ እጅግ ዝቅ ካሉት ስፍራዎች ከአንዱ ተነሥቶ ወደ 2,600 ሜትር ገደማ የወጣ ነው። እዚያ ሲደርስ ወጥ ያጣፍጣል፣ ከብት ይልሰዋል፣ ገንዘብ ሆኖ ይቆጠራል፤ ሰብል ግን አይነካም። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ በአፈሩ ውስጥ የሚሟሟውን ጨው እያጠበ ወደ ወንዞቹ ስለሚወስደው፣ የወገራ ገበሬ ማሳው ላይ የጨው ንጣት አያውቅም። የእርሱ ጠላት የአፈሩ መከላት፣ በረዶውና ከጥቅምት ወዲህ ሌሊት የሚጥለው ውርጭ ነው።

ሁለቱን በአንድ ጽሑፍ ያገናኘሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ገብስ ከዋና ዋናዎቹ የብርዕ ሰብሎች ሁሉ ጨውን የተሻለ የሚችል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ጨው ሰብል ያጠፋው ግን ገብስ በሚበቅልበት ደጋ ሳይሆን በአዋሽ ሸለቆ ቆላ ነው። የገብሱ መዝገብ በአንድ ወገን፣ የጨዋማው መሬት መዝገብ በሌላ ወገን ተቀምጠው ብዙ ዘመን ሳይተያዩ ኖረዋል።

ከገብሱ ልጀምር። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በ1878 እስኪሞት ድረስ ኑሮውን እዚሁ አድርጓል። የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ወዳጅና ሹም ነበር። ቧሂት፣ እንጨትቃብ፣ ደብረ እስኪ የሚሉት የሰሜን ስሞች ዛሬም በአውሮፓ የደረቁ ዕፅዋት ማኅደሮች ውስጥ ሺምፐር በሰበሰባቸው ቅጠሎች ጎን ተጽፈው ይገኛሉ። የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽም ስሙ ይነሣል፤ ደጃዝማች ካሣ ውቤን ድል አድርገው በፌብሩዋሪ 1855 ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ነው። የሺምፐር ዓይን ግን ከእርሻ ሰብል ይልቅ በዱር ዕፅዋት ላይ ያዘነበለ ነበር። ገብስ የራሱን ታሪክ ጸሐፊ ለማግኘት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መቆየት ነበረበት።

በ1923 አሜሪካዊው የገብስ ሊቅ ሃሪ ሃርላን ኢትዮጵያ መጥቶ የገብስ ዘር ሰበሰበ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1927 መጀመሪያ፣ ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በጅቡቲ በኩል ገባ። አዲስ አበባ ላይ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ ስለ አገሩ ተጨዋውቷል፤ የመንገድ ፈቃዱንም አግኝቷል። ከዚያ በቅፍለት ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ አክሱም፣ ከአክሱም ወደ አስመራ ተጓዘ። ከጎንደር ወደ አክሱም የሚወስደው የዘወትር መንገድ በወገራ አልፎ ሊማሊሞን የሚወርደው ነው። ቫቪሎቭ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከ6,000 በላይ የዘር ናሙና ይዞ ተመለሰ። የገብሱ ብዛትና መልክ አስደንቆታል፦ ጥቁር፣ ነጭ፣ ሐምራዊ ፍሬ፤ ባለ ሁለት ረድፍና ባለ ስድስት ረድፍ ዛላ፤ ገለባው የሚላቀቅና የማይላቀቅ፤ ይህ ሁሉ አንዳንዴ በአንዲት ማሳ ውስጥ ተደባልቆ። ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መፍለቂያ ማዕከላት አንዷ አድርጎ የቆጠረበት ማስረጃ ከዚህ የተገኘ ነው። ቫቪሎቭ በ1940 ታስሮ በጃንዋሪ 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። በሌኒንግራድ ከበባ ጊዜ ይመራው ከነበረው ተቋም ሠራተኞች በርካቶቹ የዘሩን ክምችት ሳይነኩ በረሃብ ሞተዋል። የኢትዮጵያ ገብስም ከክምችቱ ውስጥ ነበር፤ ይህን ስጽፍ ለእነዚያ ሰዎች ያለኝን ምስጋና ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ከዚያ በኋላ ያለው መዝገብ ያኮራልም፣ ያስቆጫልም። በ1930ዎቹ መጨረሻ ጀርመናውያን ከኢትዮጵያ በወሰዱት ገብስ ውስጥ የዱቄት መሰል ሻጋታ በሽታን የሚከላከል ዘረ መል ተገኘ፤ ከ1979 ጀምሮ በአውሮፓ ማሳዎች ለገበያ ዋለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የገብስን ቅጠል የሚያቢጨውንና ተክሉን የሚያቀጭጨውን ቫይረስ የሚቋቋመው ዘረ መልም ምንጩ የኢትዮጵያ ገብስ ነው። እዚህ አገር ቤት ደግሞ በ1976 በጀርመን መንግሥት እርዳታ የዕፅዋት ዘረ መል ማዕከል አዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው። ከ1979 ጀምሮ ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ በ1984 እና በ1985 ድርቅ የሰሜኑ ገበሬ ዘሩን ሳይቀር ለመብላት በተገደደ ጊዜ፣ ባለሙያዎቻቸውን አሰማርተው ዘር ሰብስበዋል፤ ኋላም ለገበሬው እንዲመለስ ደክመዋል። በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሰጣቸው በዚህ ሥራቸው ነው።

እነዚህን መዝገቦች በቅደም ተከተል ሲያነቡ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ሰብሳቢው የፍሬውን ቀለም፣ የዛላውን ረድፍ፣ የስፍራውን ስምና ከፍታ ይጽፋል። ቅጠሉ ቀን ቀን ምን እንደሚሠራ የሚናገር መስመር የለም። ጨውን የሚመለከተው ጥያቄ ያለው ግን ቅጠሉ ላይ ነው፤ ከዳባት ማሳ ብንነሣም እንደርስበታለን።

በኅዳር አንድ ማለዳ ወገራ ላይ ውርጭ የመታውን የገብስ ማሳ እናስብ። ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኑ ወዲያው ይበረታል፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነውና የሚያለዝበው የለም። የቅጠሉ ሐመልሚል ብርሃኑን እንደተለመደው ይቀበላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ስኳር የሚለውጡት ኢንዛይሞች ግን በብርድ ተይዘዋል፣ ሥራቸው ዘግይቷል። የገባው ጉልበት መውጫ ያጣል፤ ወደ ኦክሲጅን እየተላለፈም የራሱን የቅጠሉን ውስጥ የሚያቃጥል መርዝ ይሆናል። ተክሉ ራሱን የሚያድነው በብዙ መንገድ ነው። ቢጫ ቀለማቱን ለውጦ ትርፉን ብርሃን በሙቀት መልክ ይበትነዋል፤ መርዙን የሚያከሽፉ ኢንዛይሞች ያበዛል፤ የኤሌክትሮኖቹን ጉዞ በከፊል ወደ ኋላ እያዞረ ያዘዋውራል። ይህን ያላሟላ ገብስ በሰሜን ተራራ ግርጌ ዘመናት አይሻገርም ነበር።

ጨው ያለበት ማሳ ላይም የሚነሣው ችግር በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ብርሃኑ በዝቶ ሥራው ያንሳል። መንገዱ ግን ይለያያል። የጨው ጉዳት ሁለት ደረጃ እንዳለው አውስትራሊያዊቷ ራና መንስ ከ1990ዎቹ ጀምራ በሰፊው አስረድታለች። የመጀመሪያው በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ይመጣል፦ በሥሩ ዙሪያ ያለው ጨው ውሃውን አልለቅ ይላል፣ ተክሉ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ይጠማል። ውሃ ለማዳን የቅጠሉን ቀዳዳዎች፣ ማለትም ስቶማታውን፣ ያጠብባል። ውሃ ሲቆጥብ ታዲያ አየሩም አብሮ ይቀርበታል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባው በዚያው ቀዳዳ ነውና። ሁለተኛው በቀናትና በሳምንታት የሚመጣ ነው፦ ሶዲየሙ ከሥር ወደ ላይ እየተጓዘ በታችኞቹ ያረጁ ቅጠሎች ይከማቻል፤ ጫፋቸው ይቢጫል፣ ከዚያ ይደርቃል። አሮጌ ቅጠል የሚሞተው አዲስ ከሚወጣው በላይ ከፈጠነ ተክሉ ፍሬውን የሚሞላበት ስኳር ያጣል።

እዚህ ላይ ጠጋ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል። በመጠኑ ጨው ያገኘው የገብስ ወይም የስንዴ ቅጠል ከጤነኛው ይልቅ ደመቅ ያለ አረንጓዴ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ባለሙያው የብርሃን አስተጻምሮውን ፍጥነት በካሬ ሳንቲ ሜትር ሲለካውም ብዙ ጊዜ ከጤነኛው እምብዛም አያንስም። ይህ ለብዙ ሰው እንቆቅልሽ ነበር። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፦ ጨው ያገኘው ቅጠል ትንሽና ወፍራም ሆኖ ይወጣል፣ ክሎሮፕላስቶቹም በጠባብ ስፍራ ይታጨቃሉ። በአንዲት ካሬ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያለው መሣሪያ ስለበዛ ቀዳዳው ቢጠብም ሥራው ይቀጥላል። የጎደለው የቅጠሉ ስፋት ነው። ስለዚህ ሰብል በጨው ውስጥ ብርሃን አስተጻምሮውን እንዴት ያቆያል ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ በትንሽ ቅጠል አጥብቆ በመሥራት ነው፤ ዋጋውንም ገበሬው በአውድማ ላይ ባነሰ ምርት ይከፍላል።

ቀሪው መልስ ሶዲየሙን ከክሎሮፕላስቱ በማራቅ ላይ ያርፋል። ዱረም ያልሆነው የዳቦ ስንዴ ሶዲየሙን ከሥሩ አሳልፎ ወደ ቅጠል ላለመስደድ ይታገላል፤ ውሃ አመላላሽ ቱቦው ዳር ያሉ ህዋሶች ሶዲየሙን እየቀለቡ ወደ ሥር የሚመልስ ፕሮቲን አላቸው። ገብስ በአብዛኛው ሌላ ስልት አለው። ሶዲየሙ ወደ ቅጠሉ እንዲገባ በመጠኑ ይፈቅድና በየህዋሱ ውስጥ ባለው ቫኪዩል በሚባለው ከረጢት ይዘጋበታል። በቀረው የህዋሱ ክፍል ፖታሲየሙን አጥብቆ ይይዛል፤ የውሃው ሚዛን እንዳይዛባም ግላይሲን ቤታይን የተባለውን ለህዋሱ የማይጎዳ ንጥረ ነገር ያከማቻል። ይኸው ንጥረ ነገር ብርሃን የሚቀበለውን የክሎሮፕላስት ክፍል ከመፈራረስ እንደሚጠብቅ ታውቋል። በ1977 ማስና ሆፍማን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሰብሎች ምርታቸው መቀነስ የሚጀምርበትን የአፈር ጨዋማነት በሰንጠረዥ አወጡ። ገብስ እስከ 8 ዴሲሲመንስ በሜትር፣ ጥጥ እስከ 7.7፣ ስንዴ እስከ 6 ይችላሉ። በቆሎ 1.7 ላይ ይሸነፋል። በወገራ ማሳ ከገብሱ ጋር እየተፈራረቀ የሚዘራው ባቄላ ደግሞ 1.6 ላይ።

የታሪክ ሰው ይህን ሰንጠረዥ ሲያይ ወደ ጥንቱ ሜሶፖታሚያ ማሰቡ አይቀርም። ቶርኪልድ ጃኮብሰንና ሮበርት አዳምስ በ1958 ባወጡት ዝነኛ ጽሑፍ የደቡብ ኢራቅን የሸክላ ጽላት መዝገቦች መርምረው ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3500 ገደማ ስንዴና ገብስ እኩል ይዘሩ እንደነበር፣ ከዚያ ስንዴው እየተመናመነ ሄዶ በ1700 ገደማ ጨርሶ እንደቀረ ጽፈዋል፤ ምክንያቱንም በመስኖ ለመጣው ጨው ሰጥተዋል። ማርቪን ፓውል የተባለ ሊቅ በ1985 ማስረጃቸውን ተቃውሟል፤ ሰው ገብስ የሚመርጠው በጨው ብቻ አይደለም ሲል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ የወገራ ሰው ገብስ የሚዘራው ለቆሎው፣ ለበሶውና ለጠላው ብሎ እንጂ ጨው አስገድዶት አይደለምና። ያም ሆኖ በሞቃት ሜዳ ላይ ውሃ የሚያስገባ፣ ግን የሚያስወጣበት ቦይ የሌለው ሰው ምን እንደሚገጥመው የጃኮብሰንና የአዳምስ ጽሑፍ በሚገባ ያሳያል።

ያው ነገር በአዋሽ ደረሰ። የቆቃ ግድብ በ1960 ተጠናቀቀ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1962 ተቋቋመ፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት የተፋሰሱን ጥናት በ1965 አቀረበ። የመልካ ወረር የምርምር ጣቢያም የተከፈተው በእነዚሁ ዓመታት ነው። በመካከለኛው አዋሽ፣ በመልካ ሰዲና በአሚባራ፣ የአፋር ከብት አርቢ ለበጋ ግጦሹ ይጠቀምበት የነበረው ሜዳ ተመንጥሮ ጥጥና ሙዝ ተተከለበት። ውሃው በቦይ እየገባ ማሳውን ያጥለቀልቃል፤ ተክሉ ጠጥቶ የተረፈው ወደ ታች ይሰርጋል። ከመስኖው በፊት ጥልቅ የነበረው የከርሰ ምድር ውሃ ዓመት በዓመት ከፍ አለ። ወደ ሥሩ ሲጠጋ የቆላው ፀሐይ ከላይ ይስበው ጀመር፤ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ጥጡ ብዙ ቢችልም እርሱም ተሸነፈ፤ ነጭ ቅርፊት የለበሱ ማሳዎች አንድ በአንድ ተተዉ።

ይህ ሳይታወቅ የደረሰ አልነበረም። ሄሉፍ ገብረ ኪዳን በ1985 ባቀረቡት የመመረቂያ ጥናት የመልካ ሰዲንና የአሚባራን ሜዳ ጨዋማ አፈርና የመስኖውን ውሃ ጥራት መርምረዋል። ከመሬት በታች የሚቀበሩ የማንጣፈፊያ ቱቦዎችም ተሞክረዋል፣ ተዘርግተዋልም። የጎደለው ጥገናና ቀጣይነት ነው። በእኔ ግምት የአሚባራ መሬት ወደ ጨዋማነት የተለወጠው ዕቅዱ ሲነደፍ የማንጣፈፊያው ወጪ ለኋላ በተተወበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የዚያ ውሳኔ ውጤት ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ በጨው የተነካው መሬት በብዛት በሚጠቀሰው ግምት ወደ 11 ሚሊዮን ሄክታር ይደርሳል። አብዛኛው ቆላና ከፊል በረሃ ስለሆነ በተፈጥሮውም ጨዋማ ነው፤ በሰው እጅ የተበላሸው ግን ከሁሉ የተሻለው የመስኖ መሬት መሆኑ ያንገበግባል።

በ2012 ራና መንስና የሥራ ጓዶቿ ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ ወደ ዱረም ስንዴ ያዛወሩት ዘረ መል፣ ያን ሶዲየም ወደ ሥር የሚመልሰውን ፕሮቲን የሚሠራው፣ በአውስትራሊያ ጨዋማ ማሳ ላይ ምርቱን ከማይዘው ዱረም በ25 በመቶ ከፍ እንዳደረገ ታተመ። ዱረም ስንዴ በኢትዮጵያ ደጋ ከጥንት ጀምሮ የሚዘራ በመሆኑ ዜናው ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሆኖም 25 በመቶው የተገኘው ዘሩ ከመሬቱ ጋር ተመርጦ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ሥሩ በተጠጋበት ማሳ ላይ ማንም ዘር ለብቻው አይቆምም። መቀመጫውን ዱባይ ያደረገው የጨዋማ ግብርና ማዕከል ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የግብርና ልማት ፈንድ ገንዘብ በኢትዮጵያ የሠራው ፕሮጀክትም ጨው የሚችሉ ሰብሎችንና መኖዎችን ከአፈር አያያዝ ጋር አጣምሮ ነው የሞከረው፤ ትክክለኛውም አካሄድ ይኸው ይመስለኛል።

ቫቪሎቭ ባለፈበት መንገድ ዳር ዛሬ የሚዘራው ገብስ ከውርጭና ከበረታ ብርሃን ጋር እየታገለ የኖረ ነው። ብርድን መቻል ጨውን መቻል አይደለም፤ ሶዲየምን በቫኪዩል መዝጋት ብርድ የማይጠይቀው ሥራ ነው። ትርፉን ብርሃን መበተንና መርዙን ማክሸፍ ግን ሁለቱም የሚጠይቁት ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ከተቀመጠው የዘር ክምችት ከወገራ፣ ከዳባት፣ ከደባርቅና ከጃናሞራ የተመዘገበው ገብስ በመልካ ወረር ሜዳ፣ ሙቀቱ በሚለዝብበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ በማንጣፈፊያ በተያዘና ባልተያዘ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ቢዘራ መልካም ነው። መለኪያው ውድ አይደለም። ከእያንዳንዱ ዝርያ ሦስተኛው ቅጠል ተቆርጦ ስፋቱ ይወሰድ፣ ደርቆ ይፈጭ፣ የሶዲየሙና የፖታሲየሙ መጠን ይነበብ፤ ውጤቱም ሰብሳቢዎቹ የፍሬውን ቀለም፣ የዛላውን ረድፍና የስፍራውን ከፍታ በጻፉበት መዝገብ በአንድ ተጨማሪ ዓምድ ይግባ።